አልላቀቅ ያለው የብስክሌት ኮርቻ

ብስክሌት ሁለት ጎማ ያለው መጓጓዣ ነው። ገብስ አይበላም፤ ነዳጅም አይጠጣም። የሚሄደው በሰው እግር ጉልበት ነው። በሜዳ መሬት ላይ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን መንገድ በብስክሌት በ20 ደቂቃ ገደማ መጨረስ ይቻላል። የወረኢሉና የጃማ አገር ደግሞ ገደሉ ገደል፣ ሜዳው ሜዳ ነው። ወደ ወንጪት የሚወርደውን ቁልቁለት ለበቅሎ እንተውለት። አምባው ላይ ያለው ሜዳ ግን ጭቃው ሲደርቅ ለብስክሌት የተመቸ ነው።

ታዲያ ብስክሌት ብረት ነው። ብረት ደግሞ ይዝጋል። የዛገ ብረት ከሌላ ብረት ጋር ይጣበቃል፤ ከተጣበቀም በኋላ አልላቀቅ ይላል። ይህ ትምህርት ዝጎ የተጣበቀ ብረት ሳይሰበር እንዴት እንደሚላቀቅ ያስረዳል። እኛ ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ አይደለም። ተሳስተን፣ አፍረን፣ ከዚያም ታርመን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስህተታችንን እንነግራችኋለን።

ብስክሌቱ የማን ነበር?

እኛ ለማስተማር የዘመትን 4 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። ያረፍንበት መንደር ከወረኢሉ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል እናስቆጥር ነበር። ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ የ50 ዓመት ገበሬ ነበሩ። እኚህ ሰው የ13 ዓመት ልጅ አለቻቸው። ልጅቱ በመንደሩ ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍልን ጨርሳለች። 7ኛ ክፍልን ለመማር ግን ወደ ከተማ መመላለስ ነበረባት። ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ማለት ነው። ጧት ውሃ ቀድታ ትሂድ፤ ማታስ ጨለማ ሳይዛት እንዴት ቤቷ ትገባለች? እናቷ «ልጄን ጅብ ይብላት ወይ?» አሉ። አባቷም «እንግዲህ እስከዚሁ ይብቃት» ወደ ማለቱ ደርሰው ነበር።

በቤቱ ጓሮ አንድ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ቆሟል። ታላቅ ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው። 3 ክረምት ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ከርሟል። ከላይ ከሳር ክዳኑ ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ከታች የፍግ ክምር ያረጥበዋል። ወንድምየው ቁመተ ረጅም ስለሆነ ኮርቻውን በጣም ከፍ አድርጎ አስሮት ነበር። ልጅቱ ስትቀመጥበት እግሯ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። የግራው ፔዳልም ዝጎ አልዞር ብሏል።

እዚህ ላይ ስሞቹን እንለይ። ኮርቻው የተቀመጠበትን ብረት ዘንግ እንበለው። ዘንጉ የሚገባበትን የብስክሌቱን አካል ደግሞ ቱቦ እንበለው። ኮርቻው ዝቅ የሚለው ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ሲንሸራተት ነው። የቱቦው አፍ ከኋላ በኩል ስንጥቅ አለው። ስንጥቁን አጥብቆ የሚይዘው አንድ ብሎን ከዳዶው ጋር ነው። ብሎኑ ሲላላ ዘንጉም ሊላላ ይገባው ነበር። በዚያ ብስክሌት ላይ ግን ዘንግና ቱቦ አንድ ብረት ሆነው ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት 16 ቀን ቀርቶታል። አባትየው «ለብረት ሰብሳቢ ልሸጠው ነው» አሉን። እኛም ደረታችንን ነፍተን «የለም አባባ፣ ይተዉት፤ እኛ እናላቅቀዋለን» አልናቸው።

እኛ ያበላሸነው

በመጀመሪያው ቀን መዶሻ ተዋስን። ኮርቻውን አወለቅንና የዘንጉን አናት ወደ ታች ቀጠቀጥነው። ዘንጉ አልወረደም። አናቱ ግን እንደ ችካል አናት ተንጋጋ። ስለዚህ ኮርቻው ተመልሶ አልገባ አለ። የብሎኑን ዳዶ በፒንሳ ጨምቀን ለመፍታት ሞከርን። ፒንሳው እየተንሸራተተ የዳዶውን ማዕዘን ላጨውና ድቡልቡል አደረገው። ድቡልቡል ዳዶ ደግሞ መፍቻ አይዘውም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ግራው ፔዳል ዞርን። ከእኛ መካከል አንዱ የምሕንድስና ተማሪ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ብረት ስንት ኩንታል እንደሚሸከም ያሰላል። የግራውን ፔዳል ግን ከቀትር እስከ ከብት መግቢያ ድረስ ሲያጠብቀው ዋለ። እየፈታሁ ነው ብሎ ነበር! ለምን እንደተሳሳተ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የመንደሩ አንጥረኛ ናቸው። በማታው ትምህርትም ከበሩ ሥር ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። በዚያ አገር አንጥረኛ ማረሻ ሲዶለዱም ይፈለጋል፤ ድግስ ሲሆን ይረሳል። የብስክሌቱ ባለቤት እንኳ ወደ እርሳቸው ቤት መውሰዱን አላሰቡትም ነበር። አዛውንቱ ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «ኧረ ተዉ ልጆቼ! ምን በድሏችሁ ነው እንዲህ የምትደበድቡት?» አሉን። እኛም መዶሻውን አስቀመጥን።

ዝገት ምንድን ነው?

ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ዝገት ይፈጠራል። አየር ውስጥ ኦክስጅን የሚባል ነገር አለ። ስንተነፍስ በሕይወት የሚያኖረን እርሱ ነው። ይኸው ኦክስጅን እርጥበት ባለበት ከብረት ጋር ሲዋሃድ ብረቱ ቀይ አፈር መስሎ ይፈርሳል። ያ ቀይ አፈር ዝገት ይባላል። ውሃ ከሌለ ወይም አየር ከሌለ ብረት እንደዚያ አይዝግም። ማረሻ በዘይት ወይም በሞራ ሲቀባ የማይዝገው ቅባቱ ውሃውንና አየሩን ስለሚከለክልለት ነው።

ጨው ያለበት እርጥበት ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል። የከብት ሽንትና ፍግ ጨው አላቸው። ስለዚህ ያ ብስክሌት ከፍግ ክምር አጠገብ መቆሙ ጎድቶታል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ከእጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። ደረቅ ባቄላ በቅል ሞልታችሁ ውሃ ብታፈሱበት ምን ይሆናል? ባቄላው ያብጣል። እርስ በርሱ ይጨናነቃል። ቅሉን ብትዘቀዝቁትም አልወጣም ይላል። በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። በዚያች ጠባብ ቦታ ዝገት ሲያብጥ ሽብልቅ እንደገባበት እንጨት ይጠብቃል። እንግዲህ በመዶሻ ስንመታው ያን ሁሉ ሽብልቅ በአንድ ጊዜ ለመስበር እየሞከርን ነበር። የሚሰበረው ግን ሽብልቁ ሳይሆን ብረቱ ነው።

ዘይቱ ሥራውን ይሥራ

አንጥረኛው መጀመሪያ ዳዶውን አበጁ። በሞረድ ሁለቱን ጎን ፊት ለፊት ሞርደው ጠፍጣፋ አደረጉት። አሁን መፍቻ ያዘው። ነገር ግን ወዲያው አልፈቱትም። አንድ ቀጭን ብረት ከፍም ውስጥ አቀሉና በጉጠት ይዘው ዳዶው ላይ አሳረፉት። ዳዶው ሲግል ይለጠጣል። ቀዳዳውም በጥቂቱ ይሰፋል። ውስጡ ያለው ብሎን ገና አልጋለምና ዳዶው ከብሎኑ ትንሽ ይርቃል። ያቺ ትንሽ ርቀት ዝገቱን ትሰነጥቀዋለች። ከዚያ መፍቻውን አስገቡና መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ገፋ አደረጉት። «ሊከፍት ያሰበ አስቀድሞ ይዝጋ» አሉን እየሳቁ። ይህም ዝገቱ እንዲሰነጠቅ ነው። ቀጥለው ወደ መፍቻው በኩል ሲያዞሩት ዳዶው እሺ አለ።

ይህ የግለት ሥራ የሚሠራው ነጭ ጋዝ ወይም ዘይት ገና ሳይነካው ነው። ጋዝ ከተቀባ በኋላ እሳት ማስጠጋት ቤት ያቃጥላል። ቱቦውንም እንዳለ ፍም ውስጥ መጨመር አይገባም። የእነዚህ ብስክሌቶች ቱቦዎች መጋጠሚያቸው በነሐስ ብየዳ የተያያዘ ነው። ነሐስ ከብረት ቀድሞ ይቀልጣል።

ብሎኑ ከወጣ በኋላ አዛውንቱ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት እኩል በእኩል ቀላቀሉ። የተቃጠለውን ዘይት ከወፍጮ ቤት ለምነን ያመጣነው እኛ ነን። ለምን ሁለቱ ይቀላቀላሉ? የሞተር ዘይት ያለሰልሳል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ጠባብ ቦታ አይገባም። ነጭ ጋዝ ቀጭን ነው፤ ይሰርጋል። የኩራዝ ክር ጋዙን ሽቅብ እየሳበ ለእሳቱ ሲያቀብለው አይታችኋል። ማንም አይገፋውም፤ በክሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ራሱ ይወጣል። በዘንጉና በቱቦው መካከልም እንዲሁ ያደርጋል። ዘይቱንም ይዞት ይገባል።

የዛገውን አፍ በሽቦ ጠርገን፣ ጧት ጥቂት ጠብታ፣ ማታ ጥቂት ጠብታ በዙሪያውና በስንጥቁ ጨመርን። ከጨመርን በኋላ የቱቦውን አንገት በእንጨት ቀስ አድርገን እንመታለን። የሚመታው እንዲነዝርና ዘይቱ እንዲሰርግ ነው፤ እንዲጎብጥ አይደለም። አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛው ቀን አለፈ። ለወጣት ሰው ይህ ከባድ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዳችን ደብቀን መዶሻውን አነሳን። ልጅቱ አይታን «አባ ይቆይ ብለዋል» አለች። መልሰን አስቀመጥነው። 5 ቀን ሙሉ እንዲህ አደረግን።

ስለ ነጭ ጋዝ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ብዙ ሰው ጋዙን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ያስቀምጣል። ሕፃን ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጋዝ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልሰው ጉሮሮው ውስጥ ጣት መክተት አይገባም። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባና የባሰ ይጎዳዋል። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ግንዱ እንዴት እንደ ጉጠት ያዘው?

ከተማ ባለ ጋራዥ ሞርሳ የሚባል መያዣ አለ። ሁለት የብረት መንጋጋ አለው፤ ብረት ነክሶ ይይዛል። በመንደሩ ሞርሳ የለም። አንጥረኛው ግን በጎጇቸው ውስጥ እስከ ግማሹ የተቀበረ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ነበራቸው።

ሥራቸውን በደንብ አየን። ግንዱን ከላይ በመጥረቢያ ሰነጠቁ። በስንጥቁ አንድ ጫፍ ሽብልቅ መቱበት። ስንጥቁ አፉን ከፈተ። እኛ የብስክሌቱን ሁለቱን ጎማዎች አውልቀን አካሉን ገልብጠን አመጣን። ከቱቦው ውጭ ያለው ዘንግ ስንዝር ያህል ነበር። ያንን ስንዝር ቁልቁል ወደ ስንጥቁ አስገቡትና ሽብልቁን ነቀሉ። ግንዱ ተመልሶ ሊገጥም ሲል ዘንጉን ነከሰው። እንጨት የፈለጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ምሳርህን ግንድ ነክሶ ያስቀረብህ ጊዜ የለም? ያ የሚያናድድህ ነገር እዚህ ጠቀመ።

በዚህም አልበቃቸውም። የረጠበ ጠፍር በግንዱ ዙሪያ ደጋግመው ጠመጠሙ። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁለት ሌሊት ከምድጃው ራቅ ብሎ ሲደርቅ ጠፍሩ ግንዱን፣ ግንዱም ዘንጉን አጥብቆ ያዘ።

በሦስተኛው ጧት አንዳችን የብስክሌቱን የፊት ጫፍ፣ አንዳችን የኋላውን ጫፍ ያዝን። በሬ በአውድማ እንደሚዞር መዞር ጀመርን። እዚህ ላይ የጉልበት ሒሳብ አለ። የዘንጉ ግማሽ ውፍረት 1.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እኛ የያዝነው ጫፍ ከዘንጉ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። 60 ለ1.3 ሲካፈል 46 ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የምንገፋው ጉልበት ዝገቱ ዘንድ ሲደርስ ከ40 እጥፍ በላይ ይሆናል። ትልቅ ድንጋይ በረጅም ብረት ስትፈነቅሉ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ሁለት ሰው በሁለት ወገን መግፋቱ ደግሞ አካሉ ወደ አንድ ጎን እንዳይጣመም ነው። ብቻውን በአንድ ጫፍ የሚጎትት ሰው ዘንጉን ሳይሆን ቱቦውን ያጎብጣል።

ገፋን፤ ምንም የለም። አንጥረኛው የቱቦውን አንገት በእንጨት እየመቱ «አሁንም ግፉ፣ አትንጠቁ» ይላሉ። ወደ ቀኝ ገፋን። ወደ ግራ ገፋን። በድንገት «ቋ!» አለ። የምሕንድስናው ተማሪ «ተሰበረ!» ብሎ ለቀቀው። አልተሰበረም። ከቱቦው አፍ እንደ በርበሬ ዱቄት ያለ ቀይ ዝገት ረገፈ። ዘንጉ የጣት ጥፍር ያህል ዞሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ መቸኮል አላስፈለገም። ዘይት ጨምሮ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ዘይት ጨምሮ ጥቂት ወደ ግራ። በአንድ በኩል ብቻ ብታዞሩት የረገፈው ዝገት ተከማችቶ እንደገና ይነክሰዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈጀን በኋላ ቱቦው ከዘንጉ ላይ ሽቅብ ወጣ። ልጅቱ ዘንጉን ከግንዱ ውስጥ እያየች «ይህን ነው 3 ክረምት የፈራነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ የተጣበቀው ቦታ ከ5 ጣት አይበልጥም ነበር።

የቀኝ በሬና የግራ በሬ

አሁን ወደ ፔዳሉ እንመለስ። ብሎን ሁሉ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል ብለን እናውቃለን። የብስክሌት የቀኝ ፔዳልም እንዲሁ ነው። የግራው ፔዳል ግን ጥርሱ በተቃራኒ የተቀረጸ ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ፋብሪካው ለምን እንዲህ አደረገ? ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ክንዱ ይዞራል። የረገጣው ክብደት ፔዳሉን በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ያንከባልለዋል። የግራው ጥርስ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ ያ መንከባለል ቀስ በቀስ ይፈታውና ፔዳሉ መንገድ ላይ ይወልቅ ነበር።

ይህን ለባለቤቱ ብናስረዳቸው አልተገረሙም። «በሬም እኮ እንዲሁ ነው» አሉን። የቀኝ በሬ በቀንበሩ ቀኝ የለመደ ነው። በግራ ብትጠምደው ይጣላሃል። ይህን ምሳሌ ከእኛ በፊት ቢነግሩን ኖሮ የምሕንድስናው ተማሪ አንድ ከሰዓት ሙሉ ባልለፋ ነበር።

ግራና ቀኝ ለሚያምታታው ሰው ቀላል መላ አለ። መፍቻውን ፔዳሉ ላይ አስገባና እጀታውን ወደ ሰማይ አቁመው። ከዚያ እጀታውን ወደ ብስክሌቱ የኋላ ጎማ ጎትት። በዚህ አኳኋን የቀኙም የግራውም ይፈታል። ለማጥበቅ ደግሞ እጀታው ከላይ ሆኖ ወደ ፊት ጎማ ይገፋል። መፍቻው ብዙ ጊዜ የ15 ነው፤ ቀጠን ያለ መሆን አለበት። የእኛ ፔዳል በደንብ «አጥብቀነው» ስለነበር ዘይት ጠጥቶ 2 ቀን ካደረ በኋላ፣ መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ እጀታ ተሰክቶለት ነው የተፈታ።

ባለቤቱ «ይህን ያሰበው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚዞርበትን፣ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ለመሆን የተቃረቡበትን ብስክሌት በእንግሊዝ አገር ጆን ስታርሊ የተባለ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ሠርቶ ለገበያ አወጣ። በንፋስ የሚነፋው ጎማ ከ3 ዓመት በኋላ መጣ። የእኛም ሰዎች ቶሎ ተማሩት። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ የብስክሌት ቡድን አሰልፋለች። ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 25ኛ ወጡ፤ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። አባትየው «25ኛ?» ብለው ቅር አላቸው። ከዓለም ነው ስንላቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘንጉ ብረት ካልሆነስ?

ከላይ የነገርናችሁ ሁሉ ዘንጉም ቱቦውም ብረት ሲሆን ነው። በብዙ ብስክሌት ላይ ግን ዘንጉ አሉሚኒየም ነው። ቀለል ያለው የወጥ ድስት የሚሠራበት ማለት ነው። ለመለየት ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አውጡ። ማግኔት ብረትን ይስባል፤ አሉሚኒየምን አይስብም። አሉሚኒየም የሚያወጣው ዝገትም ቀይ አይደለም፤ ነጭ ዱቄት ነው። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው በእርጥበት ከቆዩ አሉሚኒየሙ ፈጥኖ ይበላል። ነጩ ዱቄትም እንደ ቀዩ ያብጣል።

እዚህ ላይ እሳት ያስታል። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ ብታግሉ ዘንጉ ከቱቦው ይበልጥ ወፍሮ የባሰ ይጠብቃል። መላው ተቃራኒ ነው፤ ዘንጉን ማብረድ፣ ቱቦውን ማሞቅ። የወረኢሉ ሰው በረዶ አያጣም። ክረምት በረዶ ሲጥል ዝፈሱና በጨርቅ ቋጥራችሁ ዘንጉን ጠቅልሉት፤ አናቱ ክፍት ከሆነም ውስጡን ሙሉት። ዘንጉ በደንብ ሲበርድ ቱቦው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሱና ወዲያው አዙሩ። በወረኢሉ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር 100 አይደርስም። ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። በረዶ ከሌለ የንጋቱ ውርጭ አለ። ጉጉፍቱን ሌሊት ያለፈ ሰው ውርጭ ምን እንደሆነ አይጠይቀንም።

ተመልሶ ሲገባ

ዘንጉን በአመድና በአሸዋ አሸን። የተንጋጋውን አናት አንጥረኛው በሞረድ አስተካከሉልን። የቱቦውን ውስጥ በእንጨት ጫፍ በታሰረ ጨርቅ ጠረግን። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ 11 ጊዜ መለስነው። ከዚያ ዘንጉ ግራሶ ተቀብቶ ገባ። ግራሶ ያጣ ሰው ጨው ያልነካው የቀለጠ ሞራ ሊቀባ ይችላል። ቅቤ አይሆንም፤ ቅቤ ለወጥና ለፀጉር ይሁን። ዘንጉ ከቱቦው ውስጥ ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። ከዚያ ካነሰ ኮርቻው ሰው እንደተቀመጠበት ሊሰበር ይችላል። ልጅቱ እያደገች ስትሄድ ኮርቻው ከፍ ይላልና ልኩን በሞረድ ጭረት ምልክት አደረግንበት። ዘንጉን በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ጊዜ አውጥቶ ግራሶ መቀባት ነው።

ልጅቱ የተቀመጠችው ትምህርት ቤት ሊከፈት 6 ቀን ሲቀረው ነው። እግሯ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ አንዱን ጊዜ ሽምብራ ማሳ ውስጥ። በሦስተኛው ቀን ከአባቷ ጋር እስከ ከተማ ሄዳ ተመለሰች። አባቷ በበቅሎ ነበሩ፤ ሲመለሱ ከኋላ ቀሩ።

ለአንጥረኛው ገንዘብ ብናወጣ አልተቀበሉንም። «የፔዳሉን ነገር በወረቀት ጻፉልኝ፤ ከግድግዳዬ እለጥፈዋለሁ» አሉን። በትልልቁ ጻፍንላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ አነበቡት።

«የግራው ፔዳል ሲፈታ እጀታው ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ።»

ቀና ብለው አዩን።

«የቀኙስ? ወደ ኋላ አይደለም ወይ ያላችሁኝ? ለምን ተዋችሁት?»

ወረቀቱን ተቀበልንና ጨመርንበት።